የአቧራ በሉ ከረጢትና የአስተርእዮ ጠጅ

መጋቢት ፲፱፻፷፬ ዓ.ም.
ቢቸና

ለክቡር ግራዝማች አካለ ወልድ ፋንታ
የቢቸና ጥራጥሬ ማበጠሪያ መጋዘን ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልሁ በአክብሮት እጅ እነሣለሁ። ጾሙ እንዳልከበደዎት፣ ወይዘሮ ሰብለ ወንጌልና ልጆችዎ በደኅና እንዳሉ፣ ከጥር ወር ጀምሮ የያዘዎት ሳልም ጥቂት እንደ ቀለለልዎት ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ በቢቸና ትምህርት ቤት አማርኛና እንግሊዝኛ የማስተምረው ገብረ ኪዳን ውበቴ፣ ለእርስዎ ያለኝ ምስጋና በአንድ ፖስታ ታሽጎ የሚቀመጥ ስላልሆነ፣ ይህን ደብዳቤ በግልጽ ጽፌ በገበያው ዳርና በመጋዘኑ በር ላይ ለመለጠፍ ተገድጃለሁ። ውለታዎ በሕዝብ ፊት የተዋለ ነውና ምስጋናውም በሕዝብ ፊት ቢሆን ይገባል ብዬ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ስል ከሥሩ ላስረዳ፤ እርስዎ ስለሚያውቁት ይታገሡኝ። በመጋዘኑ ባቄላ፣ ሽምብራና ምስር በወንፊት መኪና ይበጠራል፤ ሴቶቹ ደግሞ በረድፍ ተቀምጠው ጠጠሩንና ነቀዝ የበላውን ይለቅማሉ። ሲበጠር የሚነሣው ብናኝ፣ እህሉ ላይ ከተነሰነሰው የነቀዝ መድኃኒት ጋር ተደባልቆ፣ ቀኑን ሙሉ በአፍና በአፍንጫቸው ይገባል። ታናሽ እኅቴ አምሳለች ከለቃሚዎቹ አንዷ ነበረች። ባለፈው ኅዳር ኩባንያው የቢቸናንና የሞጣን መጋዘኖች በየተራ የሚያገለግል አንድ አቧራ መሳቢያ መኪና ላከ። ጎማ ያለው፣ በሰው የሚገፋ፣ በጭነት መኪና ከአገር አገር የሚሄድ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። በወፍራም ቱቦው አቧራውን ይስባል፤ ከባዱ ከታች ካለው በርሜል ይወድቃል፤ ደቃቁ ከላይ ባለው የጨርቅ ከረጢት ተይዞ ይቀራል፤ የሚወጣው ንጹሕ አየር ብቻ ነው። ሴቶቹ «አቧራ በል» ብለው ስም አወጡለት። አብሮት የመጣው መካኒክ አሠራሩን አሳይቶ ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ፣ የእንግሊዝኛውን መመሪያ ወደ አማርኛ እንድመልስ እርስዎ ራስዎ አዘዙኝና መለስሁት። ስለዚህ ከዚህ በታች «መመሪያው እንዲህ ይላል» ስል ከልቤ ያፈለቅሁት እንዳይመስልዎት።

እንግዲህ ቅሬታ ተብሎ እንዳይቀየሙብኝ፣ ምስጋና ብዬ የምጠራቸውን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ፤ መኪናውን ከአቧራ ስለ ጠበቁልን እጅግ አድርጌ አመሰግናለሁ። መመሪያው መኪናው ብናኝ ከሚነሣበት ወንፊት አጠገብ እንዲቆም፣ የቱቦውም አፍ ወደ ወንፊቱ እንዲዞር ያዛል። እርስዎ ግን ለኩባንያው ንብረት ከኩባንያው አብልጠው የሚያስቡ ሰው ስለ ሆኑ፣ እንዲህ ያለ አዲስ ዕቃ በዚያ ሁሉ አቧራ መካከል መቆሙ አሳዘነዎትና፣ ከቢሮዎ ፊት ካለው በረንዳ አስቁመው ሸራ አለበሱት። ከለቃሚዎቹ ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት ወይዘሮ ባንቺዓለምም ጧትና ማታ በእርጥብ ጨርቅ እንዲወለውሉት ተሾሙ። እሳቸውም ጨርቁን እንደ ያዙ ቆመው፣ «ኧረ እናንተዬ፣ አቧራ ይበላል ያላችሁትን እኔው ደግሞ ከአቧራ ልጠብቀው?» ብለዋል ይባላል፤ ያልተማሩ ሴት ስለ ሆኑ ይቅር ይበሏቸው። ውስጥ ሴቶቹ በብናኝ ታፍነው፣ ውጭ መኪናው በንጹሕ አየር ፀሐይ ይሞቅ ነበር። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ይባላል፤ ዓባይ ከእኛ ሩቅ አይደለምና ተረቱ እዚህ ለመድረስ ብዙ መንገድ አልተጓዘም።

፪ኛ፤ ሴቶቹ ደጅ ጠንተው ሲለምኑዎት ሸራው እንዲነሣ ፈቅደው እንደ ነበር አልክድም፤ ውለታ የምበላ ሰው አይደለሁም። በእነዚያ ጥቂት ቀናት በመጋዘኑ ውስጥ ሰው ከሰው ተያየ። አምሳለች ከሥራ ስትመለስ ፀጉሯ የራሱን ጥቁረት እንደ ያዘ ስለ ነበር እናታችን ደንግጣ፣ ዛሬ ሥራ አልገባሽም እንዴ ብላ ጠየቀቻት። አምሳለች ሳቀች፤ ስትስቅም ሳል አላቋረጣትም። ይህን የምጽፈው ያ ሳቅ ስለሚናፍቀኝ ነው። ኋላ ግን እንግዶች ከአዲስ አበባ ይመጣሉ ሲባል፣ መኪናው ምን ያህል እንደ በላ በዓይናቸው ይዩ ብለው በርሜሉ እንዳይደፋ፣ ከረጢቱም እንዳይራገፍ አዘዙ። መመሪያው በርሜሉ ሳይጋመስ ይደፋ፣ ከረጢቱም በየዕለቱ መኪናው ቆሞ ሳለ በእጀታው እየተነቀነቀ ይራገፍ ይላል። ጨርቁ ታፍኖ ቱቦው መሳብ ሲያቅተው እርስዎ ጠግቦ ነው አሉ። ጠግቦ ሥራ የሚያቆም እሱ የመጀመሪያው አይደለም። ሴቶቹ ዳግመኛ ቢያመለክቱ፣ «አቧራ ሰው አይጎዳም፤ ሰውስ ከአፈር አይደለም ወይ የተሠራው?» ብለው በመጽሐፍ መለሱላቸው። ለመኪናው የተላከው ግራሶም የቢሮዎን በር ማጠፊያ አለስልሶታል፤ በሩ አሁን ሲከፈት ድምፅ ስለሌለው አቤት ባይ መግባቱ አይሰማም። ወደ አማርኛ የመለስሁትን መመሪያ ደግሞ በመስታወት አስገብተው ከጣሪያው ሥር ሰቅለውታልና፣ ከበረንዳው ወፎች በቀር ያነበበው ስለ መኖሩ እጠራጠራለሁ።

፫ኛ፤ ስለ ግብዣዎ አመሰግናለሁ። ለአስተርእዮ ማርያም ማኅበር በቤትዎ ሲደገስ እኔም ተጠርቼ፣ ከመምህራን ጓደኞቼ ጋር በድንኳኑ ጥግ ተቀምጬ ነበር። ጠጁ በብርሌ ውስጥ ሲያዩት ማዶውን ያሳይ ነበር። እንግዳው ሁሉ ወይዘሮ ሰብለ ወንጌልን እጅሽ ይባረክ ሲላቸው፣ እርስዎ ፈገግ ብለው፣ ምስጋናው ለማጥለያው ነው፣ ከውጭ አገር የመጣ ጨርቅ ነው፣ አንዲት አሰር አያሳልፍም አሉ። እኔም ይህን ጉድ ልየው ብዬ ወደ ጓዳው በር አንገቴን ባሰግግ፣ በጋኑ አፍ ላይ የተወጠረው የአቧራ በሉ ከረጢት ነው። አልተሳሳትሁም። የአፉን የናስ ቀለበትና በጎኑ የታተመውን የኩባንያ ምልክት መመሪያውን ስተረጉም በሥዕል ሳየው ከርሜያለሁ። ብርሌዬን ቀስ ብዬ መሬት አስቀመጥሁ። ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ሲባል ነበር የማውቀው፤ ጠጅ በአቧራ ከረጢት የሚለውን እርስዎ ጨምረውልኛልና ለተማሪዎቼ አስተላልፈዋለሁ። ማኅበርተኛውን ግን አልወቅስም፤ ለማርያም ብሎ የመጣ ሰው ማጥለያ አይመረምርም። ያ ጨርቅ ለምን ሥራ እንደ ተሸመነ የምናውቅ በዚያ ድንኳን ሥር ሁለት ሰዎች ብቻ ነበርን፤ አንደኛው እኔ ነኝ።

፬ኛ፤ የመኪናውን ክብር ስላዳኑ አመሰግናለሁ። ከማኅበሩ በኋላ ሳምንት ሳይሞላ እንግዶቹ መጡ። ከረጢቱ ታጥቦ ገና ከግቢዎ አጥር ላይ ተሰጥቶ ነበር። መመሪያው ያለ ከረጢት መኪናው ፈጽሞ አይነሣ የሚለውን በቀይ ቀለም ነው የጻፈው፤ ከረጢት የሌለው አቧራ በል ከአንዱ ጥግ የሳበውን በሌላው ይተፋል እንጂ የሚይዝበት ነገር የለውምና። እርስዎ ግን እንግዶቹ ድምፁን ይስሙ ብለው እንዲነሣ አዘዙ። ድምፁስ በእውነት ያስደንቅ ነበር። ከወንፊቱ ሥር የሳበውን፣ ሞልቶ የፈሰሰውንም በርሜል ጨምሮ፣ በላዩ አፍ አውጥቶ በለቃሚዎቹ ራስ ላይ አወረደው። ለመኪናው ከሁሉ ቀርባ የተቀመጠችው አምሳለች ነበረች። እንግዳ ፊት እንዳታስል ነጠላዋን ነክሳ እንደ ነበር ወይዘሮ ባንቺዓለም ነግረውኛል። አልሆነላትም። ንግግር ያደርጉ የነበሩት እንግዳ አቋርጠው፣ ይህች ልጅ ምን ሆነች ብለው ጠየቁ። እርስዎም ሳያመነቱ፣ «መኪናው አንዲት ብናኝ አያስቀርም፤ ይች ልጅ ከቤቷ ይዛው የመጣችው የሳንባ ነቀርሳ ነው፤ ዛሬውኑ ትሰናበታለች» አሉ። አንድም ሰው ቀና ብሎ ጣሪያውን የሸፈነውን ጉም አላየም። እሷም ነጠላዋን አራግፋ፣ ዘንቢሏን አንሥታ፣ በሁሉም ፊት ወጣች። መኪናው በማግሥቱ፣ ሥራውን ከቢሮዬ ሆኜ አያለሁ ብለው ባዘዙት መሠረት፣ ያለ ከረጢት ከቢሮዎ መስኮት ሥር ተተከለና ወደ ሞጣ እስኪሄድ ድረስ እዚያው ሲጮህና ብናኙን በመስኮትዎ ሲተፋ ሰነበተ።

፭ኛ፤ አምስተኛም ነበረኝ። ተውሁት። ስለ ከረጢትና ስለ ግራሶ መቀለድ ይቻላል፤ ስለ እኅቴ እየቀለድሁ መጻፍ ግን አቃተኝ።

ግራዝማች፣ ፈርቻለሁ። ደብረ ማርቆስ ድረስ ወስጃት ሐኪሙ ደረቷን በራጅ አይቷል፤ አክታዋንም አስመርምሯል፤ ነቀርሳ የለባትም። ሳንባዋን ያቆሰለው ብናኙ ነው፤ ከአቧራ ትራቅ፣ ጊዜ ይሰጣት አለኝ። ሙሉ በሙሉ ይለቃታል ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ እሱን ቆይተን እናየዋለን ብሎ ዓይኑን ወደ ሌላ አዞረ። ያን ዓይን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ወረቀቱን ይዤ ብመለስም፣ የሐኪሙ ወረቀት በፈረንጅ አፍ የተጻፈ ነው፣ የእርስዎ ቃል ግን በአማርኛ ነው፤ በአገራችን ደግሞ ከሐኪም ይልቅ ሹም ይታመናል። ዛሬ እኅቴ በሰፈር ውኃ ብትጠይቅ በተለየ ጣሳ ይሰጧታል። ጣሳውን መልሶ የሚወስድ ስለሌለ ቤታችን የሰው ጣሳ ሞልቷል። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ከቅጽሩ ውጭ፣ ከወይራው ሥር ቆማ ነው የምታስቀድሰው። ያባረራት የለም። ሳሉ ቢመጣባት ሰው ከአጠገቧ ሲሸሽ ከማየት ብላ ነው። ከሁሉ የከፋው ግን ቤት ውስጥ ነው፤ ሰሞኑን እሷ ራሷ ምግቧን ለብቻዋ ማቅረብ ጀምራለች። አንድ ማዕድ እንብላ ብላት፣ «ግራዝማች ያወቁት ነገር ቢኖርስ?» አለችኝ። ክቡርነትዎ ይህን ያህል ይታመናሉ። ያጠፏት ሰው እንኳ ታምንዎታለች።

ደግሞም እጮኛ ነበራት። ነበራት ብዬ የምጽፈው የእጮኝነት ነገር ነው፤ እጮኛዋስ አለ። የሞጣው ልብስ ሰፊ ባዘዘው፣ የመሪጌታ ገብረ ሚካኤል ልጅ፣ ሽማግሌ ልኮ፣ ቃል ታስሮ፣ ሠርጉ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ሊሆን ተቆርጦ ነበር። ወሬው ከመኪናው ቀድሞ ሞጣ ገባ። መሪጌታም ክፉ ሰው ስላልሆኑ በትሕትና ነው የላኩብን፤ «ልጂቱን አንጠላትም፤ ነገር ግን ከግራዝማች አፍ የወጣ ቃል፣ ግራዝማች ራሳቸው ካላነሡት ማን ያነሣዋል?» አሉ። አባታችንም መልእክተኛውን ምሳ ብላ አለው።

በየካቲት ተራው ደርሶ መኪናው ሞጣ ሲወርድ ከረጢት አልነበረውም። የሞጣ መጋዘን ኃላፊ፣ የቢቸና ሰዎች ምን አድርገውት ይሆን ብለው ተገርመው፣ ባዘዘውን አስጠርተው ከረጢት ስፋ አሉት። መጀመሪያ በአቡጀዲ ሰፋው፤ ብናኙ ሾልኮ ፊቱን አለበሰው። ቀጥሎ ወፍራም ካኪ ደርቦ ሰፋና ያዘለት። ነገር ግን ልኩን ሊወስድ ከመኪናው አፍ ፊት ቆሞ ሳለ አንድ ችኩል ሰው አስነሥቶበት ነበርና፣ ደረቱ ተዘግቶ እስኪለቀው ድረስ ቤቱ ተኝቶ ሲያስል ሰነበተ። የእጮኛውን ሳል በገዛ ደረቱ ሰማው። አባቱም ከራስጌው ቁጭ ብለው አንተንም ነቀርሳ ያዘህ ወይ ብለው ጠየቁትና፣ ወዲያው የጠየቁት ነገር ለራሳቸው መልሶ ከበዳቸው። ዛሬ መሪጌታ ልባቸው ተመልሷል። ይሉኝታቸው ነው ያልተመለሰው፤ የሹም ቃል ሽረው ምራት አመጡ እንዳይባሉ እርስዎን እየጠበቁ ነው።

ስለዚህ የምለምንዎት አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ሥራዋን ይመልሱላት አልልም፤ ወደዚያ አቧራ እኔም አልሰዳትም። እንግዶች በነበሩበት በዚያው ግቢ፣ ሴቶቹ በተሰበሰቡበት፣ «የአምሳለች ሳል ከአቧራው ነው፤ ያን ቀን የተናገርሁት ስሕተት ነበር» ይበሉልኝ። ከዚያ ወዲያ ከረጢቱም፣ በርሜሉም፣ ግራሶውም ይቅርታ ተደርጎልዎታል። ፋሲካ ቀርቧልና፣ ከዚያ በፊት ቢሆን ጣሳዎቹን ለየባለቤቶቻቸው ለመመለስ ጊዜ እናገኛለን።

ከነቢሮዎ፣ ከነበረንዳዎ፣ ድምፅ ከማያሰማው በርዎ ጋር ረጅም ዕድሜና ሙሉ ጤና እየተመኘሁ፣ አቧራ በማይደርስበት ወንበር ለብዙ ዘመን ተቀምጠው እንዲያስተዳድሩን እየጸለይሁ፣ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣

ታማኝ አመስጋኝዎ
ገብረ ኪዳን ውበቴ
የአምሳለች ወንድም

ግልባጭ፦
ለሞጣ መጋዘን ኃላፊ
ለመሪጌታ ገብረ ሚካኤል፤ ሞጣ
ማንበብ ለሚችል ሁሉ፤ ለማይችልም የሚያነብለት እንዲፈልግ

ማስታወሻ፦ ባዘዘው ሁለት ከረጢት ሰፍቶ ከሞጣ ልኳል፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ይደርስዎታል። ወፍራሙ ካኪ ለመኪናው ነው፤ ስሱ ለጠጅዎ ነው። እንዳይቀላቀልብዎት በጠጁ ከረጢት ላይ በቀይ ክር ብርሌ ጠልፎበታል። አሮጌው ከረጢት ወደ ቤትዎ ከመምጣቱ በፊት የነቀዝ መድኃኒት ብናኝ ጠግቦ የከረመ መሆኑን ለወይዘሮ ሰብለ ወንጌል የነገራቸው ያለ አይመስለኝም፤ ግን እርስዎ እንዳሉት አቧራ ሰው ስለማይጎዳ አይጨነቁ። ሌላም አንድ ነገር አለ። የልጅዎን የፅጌረዳን ጉዳይ ለመጨረስ ከግንደ ወይን ሽማግሌዎች ከፋሲካ በኋላ እንደሚመጡ ሰምቼ ደስ ብሎኛል። አስተምሬያታለሁ፤ መልካም ልጅ ናት፤ ክፉ አይንካት። እንግዲህ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ሳለ ያ ሳልዎ ቢነሣብዎትና፣ በዚህ ቤት ደዌ አለ ብለው ተነሥተው ሊሄዱ ቢሉ፣ በየትኛውም ሰዓት ልከው ያስጠሩኝ። ከፊታቸው ቆሜ፣ ሳሉ ከአቧራ ነው ብዬ እመሰክርልዎታለሁ። አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፤ ለእኔ አትከብደኝም።